ወበቅ ሲሆን ጉልበት የሚያጣ ሃይሉክስ፤ ጎሬ ሲደርስ ደግሞ ይድናል

ባሮ_ማዶ | ሚያዝያ 14

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው 2009 ሞዴል ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ዲ-4ዲ ናፍጣ፣ ማንዋል። የምንሠራው ጋምቤላ ነው። ከከተማው ወደ ኢታንግና ወደ አቦቦ እንመላለሳለን፤ አንዳንዴም በጎሬ፣ በመቱ፣ በበደሌ አድርገን ወደ አዲስ አበባ እንወጣለን።

ጠዋት ሲነሳ ምንም አይልም። ይስባል፣ ይሮጣል። ቀኑ ሲገፋ፣ በተለይ ዝናብ ሊጥል ሲያምረውና ያ የሚያፍን ወበቅ ሲመጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እስከ መጨረሻው ብረግጠውም ተይዞ የሚጎተት ነው የሚመስለው። አራተኛ ይከብደዋል፣ ወደ ሦስተኛ አወርዳለሁ፣ ዳገት ከሆነ ሁለተኛ ላይ እቀራለሁ። ባለፈው ከጋምቤላ ወደ ቡሬ የሚወጣው ዳገት ላይ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቀደመኝ፤ ረዳቱ እጁን አውለበለበልኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ልበል።

ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ካቆምኩት ይመለሳል። ሳላቆመው ዳገቱን ከገፋሁ ደግሞ ወደ ጎሬ ስቃረብ ቀስ በቀስ ራሱ ይድናል። የሙቀት ጌጁ መሐል ላይ ነው፣ ቼክ ኢንጅን አይበራም። የናፍጣ ፊልትሮ በቅርቡ ተቀይሯል። አንድ ጋራዥ "የናፍጣ ፖምፓው ደክሟል፣ ይቀየር" አለኝ፤ ሌላው "ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ነው" አለ። የሁለቱንም ዋጋ ስሰማ ላብ በላብ ሆንኩ። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

---

ጎማ_ነፊ | ሚያዝያ 14

ወበቁ ነው ወንድሜ። እዚያ አገር ሰው ራሱ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሞተርም እንደዚያው ነው። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

---

የሙቀት_ሒሳብ | ሚያዝያ 14

ጎማ_ነፊ፣ ይኼ ነገር በጣም ስለሚወራ በቁጥር እንየው።

ሞተር የሚፈልገው በአየሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነው። ሙቀት አየሩን ያሳሳል፤ ከ20 ወደ 38 ዲግሪ ሲወጣ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እርጥበት ደግሞ የውሃ ተን ስለሆነ የኦክስጅኑን ቦታ ይሻማል፤ በጋምቤላ ዓይነት ወበቅ ቢበዛ 3 ወይም 4 በመቶ ቢወስድ ነው። ሁለቱ ተደምረው 10 በመቶ አይሞሉም። እነዚህ ናቸው የወበቁ ዕዳ።

አሁን ከፍታውን አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ከ500 ሜትር ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጋምቤላ በ38 ዲግሪና በወበቅ እንኳ፣ ለሞተሩ የሚደርሰው ኦክስጅን ከአዲስ አበባው ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል። መኪናው እዚያ መሻል ነበረበት! የቀጠነ አየር ቢሆን ኖሮ ከፍታ ላይ ያለችው ጎሬ ሲደርስ ይብስበት ነበር እንጂ አይድንም ነበር።

ባሮ_ማዶ፣ ወደ ጎሬ ስትቃረብ መዳኑን መጻፍህ ጥሩ ነው። ከፍታውን ከተጠርጣሪ መዝገብ ያወጣዋል። የቀረው ሙቀትና እርጥበቱ ራሱ ሳይሆን፣ ሙቀትና እርጥበት መኪናው ላይ ያለ አንድ የደከመ ዕቃ ላይ የሚሠሩት ሥራ ነው።

---

ጅዳ_ሾፌር | ሚያዝያ 15

እህታችን ልክ ነሽ፣ ግን ኤሲውን አትርሱት። እኔ ጅዳ ነው የምነዳው፤ ነሐሴ ላይ የባሕሩ እርጥበት ሲመጣ ኤሲ አየር ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው፣ ውሃውንም መጭመቅ አለበት። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ እሱ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጠፋ በራ ማለቱን ትቶ ሳያርፍ ይሠራል። የአንተ ሞተር ኮፈኑ ላይ የአየር አፍንጫ ከሌለው ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) የለውም ማለት ነው፤ እሱ 102 ፈረስ ጉልበት ነው። ከዚያ ላይ ኤሲ ሲቀንስለት ዳገት ላይ ይታወቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጉልበቱ ሲከዳህ ኤሲውን አጥፋው። ወዲያው ከተፈታ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሂድ። እምብዛም ለውጥ ካላየህ እሱን እርሳው።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩን ፊት እይ። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሐል የሣር ፍሬና ጭቃ ይገባል፣ ከውጭ አይታይም። የቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ክላችም ሲሞት ነፋሱ ይደክማል። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ በእጅ ስትገፋው ሳይከብድህ ብዙ ዙር ከዞረ ሞቷል።

---

ባሮ_ማዶ | ሚያዝያ 15

ኮፈኑ ላይ አፍንጫ የለውም። ዛሬ ከኢታንግ ስመለስ እንዳልከኝ ኤሲውን ጉልበት ሲያጣ አጠፋሁት፤ ትንሽ ቀለለው እንጂ አልዳነም። ላብ ብቻ ነው የተረፈኝ። ቬንትሌተሩ ግን ትኩስ ላይ ያዝ ያዝ ያደርጋል፣ ዝም ብሎ አይዞርም።

---

አቃቂ_ናፍጣ | ሚያዝያ 15

እኔ ከፖምፓው ጎን ነኝ። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል። ያረጀ ፖምፓ ወይም የሚያፈስ ኢንጀክተር ቀዝቃዛ ናፍጣ ላይ ግፊቱን ይይዛል፤ ናፍጣው ሲቀጥን በየክፍተቱ እያመለጠ የሬሉ (ናፍጣን ለኢንጀክተሮቹ የሚያድለው ቧንቧ) ግፊት ይወርዳል። ሲበርድ ይመለሳል። ያልከው ምልክት ቁጭ ይኼው አይደል?

ሌላም አለ። ጋምቤላ አካባቢ ናፍጣ ከበርሜል የምትቀዳ ከሆነ ታንክህ ውስጥ ቆሻሻና ውሃ አለ። ስትነዳ ቆሻሻው ወደ መምጠጫው ወንፊት ይሰበሰብና ያንቀዋል፤ ስታቆም ይረግፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ስትነሳ ይስባል። ሰው ሙቀት ነው ይላል፣ ነገሩ ግን ቆሻሻ ነው። ወበቅ ባለበት አገር ታንክ ግማሽ ሆኖ ካደረ ደግሞ ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ጠል ይሆንና ውሃ ይጨምርልሃል። ማታ ሞልቶ ማሳደር ነው።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 15

ልጆች፣ ሁላችሁም የምትሉት ነገር ይኖራል፤ ግን አንዱን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም። ጉልበት ሲያጣ የሚወጣው ጭስ ምን ዓይነት ነው?

ናፍጣ ሞተር የሚፈልገው ናፍጣና አየር ነው። ናፍጣ ሲያጥረው ጭስ አይጨምርም፤ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ከኋላው ግን ንጹሕ ነው። አየር ሲያጥረው ግን የተረጨው ናፍጣ የሚያቃጥለው አያገኝም፣ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አቃቂ_ናፍጣ ያለው ፖምፓም ሆነ የታንክ ወንፊት ጥቁር ጭስ አያመጣም። ጥቁር ጭስ ካለ ፖምፓ የሚቀየርበት ምክንያት የለም፤ ያንን ገንዘብ ለቤትህ አውለው።

ሹፌር ደግሞ የራሱን ጭስ አያይም፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። ከኋላ በሌላ መኪና ሰው አስከትል፣ ወይም ከስፖንዳው ላይ ሰው አስቀምጥ። ጉልበቱ ሲከዳህ ያየውን ይንገርህ።

ፍሪሲዮንም ሲንሸራተት ጉልበት ያጣ ይመስላል፤ ያኔ ግን የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ መኪናው አይሄድም። የአንተ ዙሩም አብሮ ነው የሚታነቀው ካልክ እሱ አይደለም። ፍሬን ይዞም እንደሆነ፣ ስትቆም አራቱንም ቸርኬ ሳትነካ መዳፍህን አስጠጋ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ይታወቅሃል።

---

ባሮ_ማዶ | ሚያዝያ 17

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዙሩ አብሮ ይታነቃል፤ ቸርኬዎቹ እኩል ናቸው።

ጭሱን በተመለከተ፣ የሥራ ባልደረባዬ በሞተር ሳይክል ከኋላዬ መጣ። ጉልበቱ ሲከዳኝ መንገዱ አልታይህ እስኪለው ድረስ ጥቁር ነበር ይላል። ሸሚዙን ሳየው አመንኩት።

---

አቃቂ_ናፍጣ | ሚያዝያ 17

እሺ፣ ጥቁር ከሆነ ፖምፓውን ለቀቅሁት። ግን ኢጂአር ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል፤ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ ሲመለስ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ጥቁር ጭስም ያመጣል።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 17

ያመጣል። ግን ካርቦን ጠቅጥቆት የተነከሰ ኢጂአር ጠዋትና ከሰዓት አይለይም፣ መቱም ጋምቤላም አይለይም። ይኼ መኪና ሲበርድ ጤነኛ ነው። እኔ የምፈልገው ሲግል ጠባዩን የሚለውጥ ነገር ነው። የናፍጣ መኪና አየር በሚገባበት መንገድ ላይ ደግሞ ሲግል ጠባዩን የሚለውጥ አንድ ነገር አለ፤ የቱቦው ጎማ።

ባሮ_ማዶ፣ እንዲህ አድርግ። ጉልበቱ የከዳህ ሰዓት ላይ፣ ሳታበርደው፣ ዳር ይዘህ ቁም። ሞተሩን አታጥፋ። ኮፈኑን ክፈትና ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ፊት ለፊት ቆመህ እየው። አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ነዳጅ ይርገጥ፣ ቀስ እያለ እስከ 3,000 ዙር። አንተ ዓይንህን ከማኒኮቶው አትንቀል። እጅህን ከቺንጊያና ከቬንትሌተር አርቅ፣ የሚወዛወዝ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አውልቅ።

የአየር ፊልትሮውንም አውጥተህ ንገረኝ። ማን ነው የሸጠልህ፣ ስንት ጊዜ አስነፍተኸዋል?

---

የሙቀት_ሒሳብ | ሚያዝያ 17

ጋሼ ካሉት ጋር አንድ ነገር ልጨምር። በቁጥር ማወቅ ከተፈለገ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በ"ዩ" ቅርጽ ታጥፎ ውሃ ይገባበትና አንድ ጫፉ ከፊልትሮው በኋላ ካለው አየር መንገድ ጋር ይገናኛል። የውሃው የሁለት ጎን ልዩነት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መምጠጡ 1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በከባድ መኪኖች የአየር ፊልትሮ ላይ የሚገጠመው ጠቋሚ ቀይ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ 6 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በውሃ 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 17

ልጄ፣ ትምህርቱ ግሩም ነው። ግን ቱቦው ካጠረ ውሃውን ቱርቦው ይጠጣዋል። ሁለት ሜትር ያለው ቱቦ ያግኝና ከዚያ ይሞክር። ለአሁኑ ዓይኑ ይበቃዋል።

---

ባሮ_ማዶ | ሚያዝያ 20

አገኘነው።

ከአቦቦ ስንመለስ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ የለም፣ እንደተለመደው ታነቀ። ዳር ይዤ ሳላጠፋው ኮፈኑን ከፈትኩ። ባልደረባዬ ረገጠ። 2,000 ላይ ማኒኮቶው መሐሉ ጎድጎድ አለ። ወደ 3,000 ሲጠጋ ሁለቱ ጎኖቹ ተገናኙ፤ በቃ፣ ጠፍጣፋ ሆነ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ቦለለ። ሲለቀው ማኒኮቶው ተነፍቶ ተመለሰ። ደግመን ረገጥን፣ ደግሞ ተጣበቀ። ሲጠፋ የሚያዩት ሙሉ ጤነኛ ነው፤ የትኛውም ጋራዥ ቆሞ አይቶት አያውቅም ማለት ነው።

ከተማ ገብቼ ፈታሁት። ጋሼ፣ ይኼ የአየር ማኒኮቶ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የራዲያተር ማኒኮቶ በልክ ቆርጦ ነው ያስገባው፤ የፋብሪካው ጽሑፍ ግማሹ ላዩ ላይ አለ። ውስጡ በዘይት ርሷል። በጣት ስጫነው ዘይት የበዛበት በኩል ልፍስፍስ ይላል፣ ጎኖቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት የሚያብረቀርቁ መስመሮች አሉ።

የአየር ፊልትሮው ደግሞ የባሰ ነው። ጎሚስታው ጋ ነው የማስነፋው፣ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር። ላዩ ንጹሕ ይመስላል። እጥፋቶቹን ስገልጥ ግን አቧራው ከእርጥበቱ ጋር ተቦክቶ ወረቀቱን እርስ በርስ አጣብቆታል።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 20

ጎሽ።

የራዲያተር ማኒኮቶ የተሠራው ከውስጥ የሚገፋውን ውሃ ለመቻል ነው። ከውስጥ መምጠጥ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ጎማው ወፍራም መሆን ወይም ሽቦ ወይም ቀለበት ቀለበት ጎድን ሊኖረው ይገባል። ዘይቱ ደግሞ ከየት መጣ መሰላችሁ? ከሞተሩ ክራንክ ቤት (ዘይቱ ካለበት የታችኛው ክፍል) የሚወጣው ትንፋሽ በቀጭን ቱቦ ወደዚያው ማኒኮቶ ይገባል፤ የዘይት ጉም ይዞ ነው የሚመጣው። ትንሽ የዘይት እርጥበት ጤና ነው። የራዲያተር ጎማ ግን ዘይት አይችልም፣ እያበጠ ይላላል። የአየር መንገድ ጎማ የሚሠራው ዘይት ከሚችል ዓይነት ነው።

---

የሙቀት_ሒሳብ | ሚያዝያ 20

አሁን ወበቁ ምን እንደሠራ ግልጽ ሆነልኝ። በበጋው የጋምቤላ መንገድ አቧራ ፊልትሮው ላይ ተጭኗል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አየሩ ሲርስ ወረቀቱም አቧራውም ውሃ ይይዛል፣ የአየር ቀዳዳው ይጠባል። ፊልትሮው ሲጠብ ቱርቦው ከበስተኋላው የበለጠ ይመጥጣል። በዚያው ሰዓት ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት በዘይት የላላውን ጎማ የበለጠ ያለሰልሰዋል። አንዱ ብቻውን ቢሆን መኪናው ይችለው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ፊልትሮው ደረቅ ነው፣ ጎማውም ብርዱ ያጠነክረዋል። ወደ ጎሬ ሲወጣ የሚድነውም አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ቼክ ኢንጅን ያልበራውም አይገርመኝም። የሽቦም የሴንሰርም ጉዳት የለም፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው አየር ማነሱን እንጂ ማኒኮቶ መጣበቁን አይደለም።

---

ጎማ_ነፊ | ሚያዝያ 20

ይኸው እኔም ወበቁ ነው ብዬ ነበር 😄

ፊልትሮ ማስነፋት ግን ምን ችግር አለው? ሁሉም ያስነፋል። አዲስ መግዛት ለሁሉ ሰው አይቻልም።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 21

ደረቅ አቧራ ከሆነ፣ ነፋሱ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን፣ ከሩቅ፣ ግፊቱ ተቀንሶ ከሆነ አንድ ሁለቴ ያስኬዳል። ጎሚስታ ግን የጎማ መንፊያውን አፍ ወረቀቱ ላይ ሰክቶ ነው የሚለቀው፤ ወረቀቱ በመርፌ የተወጋ ያህል ይበሳል። ከዚያ በኋላ አቧራው ቱርቦውን አልፎ ፒስተን ጋ ይደርሳል። የተቦካውን ደግሞ ንፋስ አያወጣውም፣ ማጠብም ወረቀቱን ይገድለዋል። አምፖል ከበስተኋላው አብርተህ በጨለማ ተመልከተው፤ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካየህ ጣለው። ምንም ብርሃን ካላሳለፈም ጣለው።

"ለመፈተን ያለ ፊልትሮ ልንዳው" የሚል እንዳይኖር ደግሞ። አስፋልት ላይ፣ አቧራ በሌለበት፣ ለአጭር ርቀት የሚያደርጉት አሉ። ኢታንግ መንገድ ላይ ማድረግ ሞተሩን መሸጥ ነው።

---

ጅዳ_ሾፌር | ሚያዝያ 21

ፎርጅድ ፊልትሮም ተጠንቀቅ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ዙሪያውን ያለው ጎማ ሳጥኑ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ሳጥኑን ስትከፍት ከፊልትሮው በላይ ባለው ንጹሕ ጎን ጣትህን አሻሸው፤ አቧራ ከያዘ በጎኑ እያለፈ ነው።

---

ባሮ_ማዶ | ሚያዝያ 29

ማኒኮቶው ጋምቤላ አልተገኘም፤ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞሮ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል አገኘልኝ፣ በአውቶቡስ ላከው። ጎድን ጎድን አለው፣ በሁለት እጅ ስጨምቀውም አይታጠፍም። ፊልትሮው አዲስ ነው። የትንፋሹን ቀጭን ቱቦም አጸዳሁት።

ትናንት ሙሉ ጭነት ይዤ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወበቁ እንዳለ ወደ ቡሬ ወጣሁ። በሦስተኛ ወጣሁት፤ ኤሲው እንደበራ። ባልደረባዬ ከስፖንዳው ላይ ሆኖ የረባ ጭስ አላየሁም አለ። ጋሼ፣ ሌላ የማየው ነገር አለ? ቱርቦው ይቀየር ያለኝ ሰውዬ አሁንም ይደውላል።

---

የድሮው_መካኒክ | ሚያዝያ 29

ይደውል። ቱርቦውን ራስህ እየው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠፍቶ ሳለ አዲሱን ማኒኮቶ ከቱርቦው በኩል ፍታና የትንሿን ፕሮፔለር እንብርት በሁለት ጣት ያዝ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ጤነኛ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን መነቃነቅ የለባትም። ቢላዎቿ ጫፋቸው ስለታም ይሁን፣ ግድግዳውን የፋቁበት ምልክት አይኑር። በተበሳ ፊልትሮ ብዙ ከተነዳ ጫፎቹ በአቧራ ተበልተው ዶልዱመው ታገኛቸዋለህ።

---

ባሮ_ማዶ | ግንቦት 1

አየሁት ጋሼ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንቅንቅ አይልም፤ ወደ ጎን በጥቂቱ። ጫፎቹ ስለታም ናቸው፣ ጣቴን ሊቆርጠኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ጭረት የለም፣ ስስ ዘይት ብቻ።

---

የድሮው_መካኒክ | ግንቦት 1

እንግዲያው መልሰህ ግጠመው። ጎማ ሲሞቅ ይቀመጣልና ፋሼታዎቹን (የማኒኮቶውን ማሰሪያ ቀለበቶች) ጥቂት ቀን ከነዳህ በኋላ ደግመህ አጥብቅ። ክረምቱ ሲገባ ፊልትሮውን በኪሎ ሜትር አትጠብቅ፤ ጎርፍ ከተሻገርክ በኋላ ሳጥኑን ክፈትና ሥሩ ውሃ እንዳላቆረ እይ።